ትምህርት ዐሥራ ሦስት፤ ባዕድ አገር የገባ መምህርና የሁለተኛ መደብ አነጋገር

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፥ ባለፈው ትምህርት የተውላጠ ስምን ምንነትና ሦስቱን መደቦች አይታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ብቻ፥ ይኸውም ሁለተኛውን መደብ፥ ለይተን እንመለከታለን። ሁለተኛ መደብ ተናጋሪው ፊት ለፊት የሚያነጋግረው ሰው መደብ ነው። አማርኛን ከእናታችሁ አፍ የተማራችሁ ሁሉ «አንተ»፥ «አንቺ»፥ «እርስዎ»፥ «እናንተ» እያላችሁ ስትናገሩ አንዱን ከአንዱ ለመምረጥ አታስቡም፤ ምላሳችሁ ራሱ ይመርጣል። በዚህም ምክንያት የአመራረጡን ሕግ ተናገሩ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። አማርኛን በትምህርት ቤት የተማራችሁ ግን የመጀመሪያዎቹን ስሕተቶቻችሁንና የሳቁባችሁን ሰዎች ሳታስታውሱ አትቀሩም። የቋንቋ ሕግ ጎልቶ የሚታየው ሕጉን የማያውቅ እንግዳ ሰው ሲያፈርሰው ነውና ምንባባችን የአንድ እንግዳ ሰው ታሪክ ይሆናል።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ከጠላት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የሠለጠነ መምህር እጥረት ስለ ነበረ ከልዩ ልዩ አገሮች መምህራን እየተቀጠሩ መጥተዋል። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 መምጣት የጀመሩት አሜሪካውያን የሰላም ጓድ አባሎችም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ እነዚህ መምህራን አማርኛ ሳያውቁ ክፍል ገብተው ማስተማር ይችሉ ነበር። ክፍል ውስጥ ማስተማርና ከተማ ውስጥ መኖር ግን አንድ አይደሉም። ምንባቡ የሚናገረው ስለዚህ ልዩነት ነው።

ለ. ምንባብ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ በጥቅስ ውስጥ የሚገኙትን ግሦች በደብተራችሁ ላይ አውጥታችሁ ጻፉ።

በ1975 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር በአንዲት ከተማ የአማርኛ መምህር ነበርሁ። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ከደቡብ ሕንድ አንድ የሒሳብ መምህር የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ይጠጋል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ታሚል ነበረ፤ በሃይማኖቱ ሂንዱ ስለ ሆነ ሥጋ አይበላም። ስለ እርሱ ስጽፍ «መጡ» በማለት ፈንታ «መጣ» ማለቴን ከንቀት አትቍጠሩብኝ፤ ምክንያቱን ምንባቡን ስትጨርሱ ታገኙታላችሁ።

ሥራውን ለመልመድ ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም። በአገሩ ዐሥር ዓመት ያስተማረ ሰው ነበረና ጠመኔ ከያዘ በኋላ የትም ቢሆን ቤቱ ነው። ያስቸገሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የመምህራን ስብሰባ ቅዳሜ በ3 ሰዓት ተብሎ ሲነገረው በአገሩ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ መስሎት በእኛ 9 ሰዓት መጥቶ የተዘጋ በር አገኘ። የእኛ ቀን ከንጋት እንደሚቈጠርና በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት እንዳለ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳም። የተማሪዎችን ስም ሲጠራ ደግሞ በልጁ ስም ፈንታ የአባትየውን ስም ይጠራ ነበር። ሦስት ልጆች የአባታቸው ስም ተሰማ ስለ ነበረ «ተሰማ!» ባለ ቍጥር ሦስቱም «አቤት!» እያሉ ይነሡ ነበር። እርሱ በተወለደበት አገር የአባት ስም ባንዲት ፊደል አጥሮ ከልጁ ስም በፊት ይጻፋል፤ ስለዚህ ኋላ የተጻፈው የራሱ የልጁ ስም መስሎት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ላይም ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር መጣችበት። 1975 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ነበረ። በዚህች ወር ደመወዝ እንደማይከፈል ስንነግረው «ታዲያ ምን ይበላል?» ብሎ ጠየቀ፤ አንድ ባልደረባችንም «ብድር» ብሎ መለሰለት።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበረ። ትምህርት ከተለቀቀበት ከ10 ሰዓት አንሥቶ እስኪተኛ ድረስ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፍበት አልነበረውም። ክፉ ሰው ገጥሞት አይደለም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ያከብረው ነበር። ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገባ ብድግ እንላለን፤ ጥሩው ወንበር ይለቀቅለታል፤ ሻይ ሲመጣ መጀመሪያ ለእርሱ ይቀዳል። ለጥቂት ደቂቃ በእንግሊዝኛ እናጫውተዋለን። ከዚያ አንዳችን ቀልድ ሲጀምር ጨዋታው ሳናውቀው ወደ አማርኛ ይዞራል፤ እርሱም ብርጭቆውን ይዞ ፊታችንን እያየ ይቀራል። አንድ ቀን ወደ ቤት አብረን ስንሄድ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፦ «ሁሉም ያከብሩኛል፤ የሚያነጋግረኝ ግን የለም።»

እኔም አማርኛ እንዲማር መከርሁት። እርሱ ግን እኔ ሳልመክረው ጀምሮ ኖሯል። በኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከተማሪዎችና ውሃ ከሚቀዳለት ልጅ የሰማውን ሁሉ በራሱ ፊደል ይጽፍ ነበር። ትጉ ሰው ነበረ። ነገር ግን ሒሳብ አስተማሪ ነውና ሁሉን ነገር በሕግ ለማስኬድ ይሞክራል። «ገባ» ካለ «ግባ»፥ «በላ» ካለ «ብላ» እንደሚባል አስተዋለ፤ ስለዚህ «መጣ» ካለ «ምጣ» መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። በማግሥቱ አንድ ልጅ ወደ ሰሌዳው ሲጠራ «ምጣ!» አለው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሌላ ቀን አንዲት ልጅ «ተነሣ!» አላት፤ አሁንም ሳቅ ሆነ። በታሚል ቋንቋ በሁለተኛ መደብ የወንድና የሴት ልዩነት ስለሌለ ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ አልገባውም። በመጨረሻ ስሕተት የማያገኘው መንገድ ያገኘ መስሎት ሁሉንም ተማሪ «እርስዎ» እያለ መጥራት ጀመረ። የዐሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ «እርስዎ ይቀመጡ» ሲለው ሳቁ እስከ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰማ። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ መጥተው ሲያወሩልኝ፥ እውነቱን ለመናገር፥ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ከዘበኛው ጋር የሆነው ግን የሚያሥቅ አልነበረም። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ተማሪዎች «አባባ» ይሏቸዋል፤ ርዕሰ መምህሩም ቢሆኑ ከ«እርስዎ» በታች ጠርተዋቸው አያውቁም። አንድ ጠዋት መምህሩ ዘግይቶ ደርሶ ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ «ክፈት!» አላቸው። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይናገሩ ከፈቱ። በማግሥቱ ግን እጅ ሲነሣቸው ፊታቸውን ወደ አጥር አዞሩ። እኔ ምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፥ እኚህ ሰው የተማሩ መስለውኝ ነበር። በተማሪው ሁሉ ፊት እንደ እረኛ ልጅ ‹ክፈት› ይበሉኝ?» እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሽማግሌው ተቀይመውም እንኳ ስለ መምህሩ የተናገሩት «መስለውኝ»፥ «ይበሉኝ» እያሉ በአክብሮት ነው።

ይህን ለመምህሩ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። በእርሱ ቋንቋም ሁለት ዐይነት «አንተ» አለ፤ «ኒ» ለልጅና ለቅርብ ወዳጅ፥ «ኒንጋል» ለአዋቂና ለተከበረ ሰው ይባላል። በአገሩ ቢሆን ሽማግሌን «ኒ» ከሚል ምላሱ ቢቈረጥ ይመርጥ ነበር። ስሕተቱ የመጣው አማርኛውን ከተማረበት ቦታ ነው። የተማረው ከልጆች ነው፤ ልጆች እርስ በርሳቸው «ክፈት»፥ «አምጣ»፥ «ስጠኝ» ሲባባሉ ሰምቶ ጻፈ። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ስለማያውቅ ለሽማግሌ የሚነገረውን አማርኛ ከየት ያገኘዋል? ከእርሱ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ እነርሱ «እርስዎ» የሚሉት እርሱን ነው።

የገና ዕለት ሌላ ቅያሜ ተጨመረ። ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት አሮጊት እንጀራና ዶሮ ወጥ በሞሰብ ይዘውለት መጡ። ሥጋ እንደማይበላ ለማስረዳት ቃል ስላጣ «አልበላም!» አለ። አሮጊቷም «በሞቴ!» አሉት። ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ «ሞት» የሚለውን ቃል ያውቀዋልና ደነገጠ፤ ምግቡን ባለመብላቱ ሰው የሚሞት መስሎት ወደ እኔ ቤት ሮጦ መጣ። ዕለቱን ሄጄ ነገሩን ባስረዳቸው አሮጊቷ ሥጋ አለመብላቱን በጾመኛነት ተረጐሙት። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም መናኝ አድርጎ ያየው ጀመር። ይህም አክብሮት ላይ አክብሮት ጨመረበት፤ ይበልጥም አራቀው።

በጥር ወር መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ማመልከቻ አሳየኝ። ውሉ እንዲቋረጥለትና ወደ አገሩ እንዲመለስ የሚጠይቅ ነበረ። ምክንያት ብሎ የጻፈው የከተማውን ብርድ ነው። እኔም አንብቤ መለስሁለት፤ ብርዱ አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት የዘበኛው ባለቤት ዐረፉ። መምህራኑ ለልቅሶ ስንሄድ እርሱም ልሂድ አለ። በመንገድ ላይ ምን እንደሚባል ጠየቀኝና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» የሚለውን ነገርሁት። ድንኳኑ እስኪደርስ ድረስ «ያጽናዎት፥ ያጽናዎት» እያለ ይለማመድ ነበር። ከደረስን በኋላ ሽማግሌው ፊት ቀርቦ፥ ጐንበስ ብሎ፥ ሳይሳሳት ተናገረው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት፤ ምንም አልመለሱም። እኛ ጥቂት ቆይተን ወጣን። እርሱ ግን ለመሄድ የሚፈቀድበትን ሰዓት ስለማያውቅ እስኪመሽ ተቀመጠ። በማግሥቱም ከክፍል ሲወጣ ሄደ፤ ማንም ሳያነጋግረው ማንንም ሳያነጋግር ተቀምጦ ዋለ። በልቅሶ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ጉድለት አይቈጠርምና በዚያች ከተማ ከሰው እኩል የሆነበት የመጀመሪያው ቦታ ያ ድንኳን ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን ሁለታችን አብረን ገባን። ሽማግሌው ከሩቅ ሲያዩት ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው እየመቱ «ና ልጄ፥ ተቀመጥ» አሉት።

ሄዶ ተቀመጠ። ወደ ቤት ስንመለስ ፊቱ ተክዞ አየሁና ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «እስከ ዛሬ ‹እርስዎ› ይሉኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ‹ተቀመጥ› አሉኝ። አሁንም ተቀይመውኛል ማለት ነው?» አለኝ። የለም፥ ታርቀውሃል፤ «ልጄ» ያሉትን ሰው «እርስዎ» አይሉትም፤ ብዬ አስረዳሁት። ቆም ብሎ ደብተሩን አወጣ። «ያ የመጀመሪያው ቃልስ ምን ነበር?» አለ። «ና»፤ የ«መጣ» ትእዛዝ ነው አልሁት። ያኔ ሳቀ። በታሚልም የቅርብ ሰውን ሲጠሩ «ቫ» እንደሚባል፥ ይህ ግሥ በእነርሱም አገር እንደ ሌሎቹ ግሦች በሕግ እንደማይሄድ ነገረኝ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እርሱና እኔም «አንተ» ተባባልን።

ማመልከቻውን አላስገባም። ከሁለት ዓመት በኋላ መጽሐፍ ሊያውሰኝ ሲያወጣ የሎጋሪዝም ሰንጠረዡ ውስጥ ገጽ ማመልከቻ አድርጎት አየሁት። በመጋቢት ወር ወደ ሰፈሩ እድር ለመግባት ጠየቀ። ዳኞቹ ተሰብስበው ተከራከሩ፤ በሕንድ አገር ሂንዱ ሲሞት ይቃጠላል እንጂ አይቀበርም መባሉን የሰማ አንድ ሰው «ሲሞት ምን ልናደርገው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዘበኛው ተነሥተው «እስኪሞት ድረስ እርሱ እኛን ይቅበር» አሉና ነገሩ በዚያው አለቀ። በወር 2 ብር ይከፍል ነበር፤ ድንኳን ሲተከልም ካስማ ይዞ ይቆማል። ቡና መጠጣትንም ተማረ። በአገሩ ቡና በወተት ስለሚጠጣ አንድ ቀን በጾም ወተት ጠይቆ አሮጊቷን አስደንግጧቸዋል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚስቁበት ሰዎች «አንተ» የሚሉት ሰዎች ነበሩና እርሱም አብሮ ሳቀ። የሁለት ዓመቱ ውል ታድሶ እስከ 1979 ዓ.ም. ሐምሌ ድረስ ከእኛ ጋር ኖረ።

ሐ. ሰዋስው፤ ሁለተኛ መደብና አክብሮት

በአማርኛ ሁለተኛ መደብ በነጠላ ቍጥር ሦስት፥ በብዙ ቍጥር አንድ ተውላጠ ስም አለው። ግሡም ከእነዚህ ጋር እየተስማማ ይለዋወጣል። «ሄደ» የሚለውን ግሥ በኃላፊ ጊዜ፥ በትንቢት፥ በትእዛዝና በአሉታ ትእዛዝ ስንዘረዝረው እንዲህ ይሆናል፤

አንተ፤ ሄድህ፥ ትሄዳለህ፥ ሂድ፥ አትሂድ።
አንቺ፤ ሄድሽ፥ ትሄጃለሽ፥ ሂጂ፥ አትሂጂ።
እርስዎ፤ ሄዱ፥ ይሄዳሉ፥ ይሂዱ፥ አይሂዱ።
እናንተ፤ ሄዳችሁ፥ ትሄዳላችሁ፥ ሂዱ፥ አትሂዱ።

በብዙ ቦታዎች በ«እርስዎ» ፈንታ «አንቱ» ይባላል፤ ግሡ ግን አይለወጥም፤ «አንቱ የት ይሄዳሉ?» እንደ ማለት ነው። አሁን ሦስተኛውን መስመር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። «ሄዱ»፥ «ይሄዳሉ»፥ «ይሂዱ» የሚሉት ቃሎች ከሦስተኛው መደብ የተወሰዱ ናቸው፤ «እነርሱ ሄዱ»፥ «እርሳቸው ይሄዳሉ» ይባላልና። የምናከብረውን ሰው ስናነጋግር ግሡን እንደ ሌላ ሰው፥ ያውም እንደ ብዙ ሰው፥ አድርገን እንጠቀምበታለን። በሌላ አነጋገር አክብሮቱ የሚገኘው ሰውየውን ከፊታችን ጥቂት ራቅ በማድረግ ነው። የምንባባችን መምህር ሳያውቀው ያማረረው ይህንኑ ርቀት ነበረ። «እርስዎ» ክብር ነው፤ አጥርም ነው። ይህን ስል ሽማግሌና እንግዳ በ«አንተ» ይጠሩ ማለቴ አይደለም፤ አጥሩን ለመክፈት መብት ያለው በዕድሜ የሚበልጠው ነው። ሽማግሌው «ና» ቢሉ ያምርባቸዋል፤ መምህሩ «ክፈት» ቢል ግን አላማረበትም።

አክብሮት በግሡ ባለቤት ላይ ብቻ አይወሰንም፤ በተሳቢውና በአገናዛቢውም ላይ ይታያል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ አክብሮቱን የሚያመለክተው በግሡ መጨረሻ ላይ ያለው «ዎት» የሚለው ተሳቢ ነው። ልጅ ቢሆን «ያጽናህ»፥ ሴት ብትሆን «ያጽናሽ»፥ ብዙ ቢሆኑ «ያጽናችሁ» ይባላል። እንዲሁም «ቤትህ»፥ «ቤትሽ»፥ «ቤትዎ»፥ «ቤታችሁ» እንላለን።

ስለ «መጣ» ጥቂት እንጨምር። ከዚህ ግሥ የሚወጣው የቅርብ ሰው ትእዛዝ ለወንድ «ና»፥ ለሴት «ነይ»፥ ለብዙ «ኑ» ነው። ከግሡ ፊደሎች አንዱ እንኳ በውስጣቸው አይገኝም። የሚገርመው ግን አሉታ ስንለው ግሡ ወደ ሕጉ ይመለሳል፤ «አትምጣ»፥ «አትምጪ»፥ «አትምጡ» ይባላል። በአክብሮትም «ይምጡ» እንላለን። እንግዲህ ያ መምህር «ምጣ» ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ «አትምጣ» ሲባል ሰምቶ አሉታውን ቢያነሣ የሚቀረው «ምጣ» ነው። የሳቁት ተማሪዎች ለምን እንደ ሳቁ ቢጠየቁ ከ«እንደዚያ አይባልም» በቀር መልስ አልነበራቸውም። እኔም ራሴ፥ የአማርኛ መምህር ሆኜ፥ መልሱን ያሰብሁት እርሱ ደብተሩን ከፍቶ ከጠየቀኝ በኋላ ነው።

መ. ድርሰት፤ የእንግድነት ገጠመኝ

ለብዙ ዓመታት ስለ እንግዳ ሰው የተጻፉ የተማሪ ድርሰቶችን አርሜያለሁ። አብዛኛዎቹ የሚጀምሩት «እንግድነት እጅግ ከባድ ነገር ነው» በማለት ነው፤ በመካከል «ብዙ ችግር ደረሰበት» ይላሉ፤ በመጨረሻም «ቀስ በቀስ ለመደ» ብለው ያቆማሉ። ዋናው ነገር የተዘለለው «ቀስ በቀስ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ሰው ቀስ በቀስ አይለምድም፤ አንድ ቀን አንድ ሰው አንድ ቃል ሲናገረው ይለምዳል፤ ሌላ ቀን ደግሞ በሌላ ቃል ወደ ኋላ ይመለሳል። የድርሰት ጸሐፊ ሥራ ያችን ቀንና ያችን ቃል ፈልጎ ማግኘት ነው።

ርዕሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ከመካከላችሁ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ከገጠር ወደ ከተማ መጥታችሁ፥ ቤት ተከራይታችሁ፥ በየሳምንቱ ስንቅ እየመጣላችሁ የምትማሩ ትኖራላችሁ። በባዕድ አገር ተቀጥሮ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁም ብዙ ናችሁ፤ ወደ ቤት የሚልከውን ገንዘብ እንጂ ከሥራ ሲወጣ ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠይቃችሁት ታውቃላችሁን? ባትጠይቁት ይህ መልመጃ ምክንያት ይሁናችሁ።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ያወጣችኋቸውን ግሦች በተናጋሪውና በተነገረለት ሰው ለይታችሁ በሁለት ዓምድ ጻፉ። «ክፈት»፥ «ይበሉኝ»፥ «ተቀመጥ» የሚሉት ማን ስለ ማን የተናገራቸው እንደ ሆኑ ግለጹ።

2. «ሰጠ»፥ «ጠጣ»፥ «ከፈተ» የሚሉትን ግሦች ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት በአራቱ ተውላጠ ስሞች ዘርዝሩ።

3. የምንባቡ መምህር በገና ዕለት ከ«አልበላም» የተሻለ ምን ሊል ይችል ነበር? ለአሮጊቷ በሚገባ አክብሮት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉለት።

4. ወደ አዲስ ሥራ፥ ወደ አዲስ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ባዕድ አገር የገባን ሰው ጠይቃችሁ የአንድ ቀን ገጠመኙን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጻፉ። መጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በድርጊት ጀምሩ። ሰዎቹ የተናገሩትን በጥቅስ አስገቡ፤ ማን ማንን «አንተ»፥ ማን ማንን «እርስዎ» እንዳለም ሳታሳስቱ አስቀምጡ።

5. «ና ልጄ፥ ተቀመጥ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በ«እርስዎ» ለውጣችሁ ጻፉ። በተለወጠው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ልጄ» የሚለው ቃል ቦታ ያገኛልን? መልሳችሁን ከነምክንያቱ አስረዱ።